ቀሮ፦ የመንዝ ጓሳ የጥበቃ ሥርዓትና የቱሪዝም ጥያቄ

የአገር ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታቱ ዙፋን፣ የጦር ሜዳው ውሎ፣ የአድባራቱና የከተሞቹ ምሥረታ ነው። የሣር ታሪክ የሚጽፍ እምብዛም አይገኝም። ይሁንና በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ፣ የራሱ ሕግና የራሱ ሹም፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ወራት የነበረው ሣር አለ። ስሙም ጓሳ ይባላል። ሣሩ ለቦታው ስም ሰጥቶ፣ ቦታውም ለሣሩ ዋስ ሆኖ፣ ሁለቱ ተያይዘው ዘመናትን ተሻግረዋል። ዛሬ የዱር ሀብት ጥበቃን ከልማት ጋር ስለ ማስታረቅ፣ ቱሪዝምም በዚህ ረገድ ስለሚኖረው ድርሻ ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። በዚህ ክርክር ውስጥ የጓሳ ታሪክ ቃሉ ሊሰማ የሚገባው ምስክር ነው።

ጓሳና የመንዝ ገበሬ

ጓሳ ከአዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውርጫማ ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከዚያ አፋፍ ወዲያ የሚፈሰው ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ ወዲህ የሚፈሰው ደግሞ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል። ሣሩ የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው፣ ከጓሳ በታች ያሉ መንደሮች በበጋ የሚጠጡት ውሃ ከዚሁ ሜዳ የሚመነጭ ነው።

በዚህ ከፍታ ላይ ውርጭ የበዛበት ሌሊትና ፀሐይ የምታቃጥልበት ቀን ይፈራረቃሉ። ዛፍ እምብዛም አይበቅልም። ጅብራው እንደ ዘብ ተራርቆ ይቆማል፤ የቀረውን ምድር የሸፈነው ጓሳው ነው። የመንዝ ገበሬ ኑሮ በገብስና በበግ ላይ የቆመ ነው። ከበጉ ጠጉር ብርድ የሚመክትበትን ባናና በርኖስ ይሠራል። ቤቱን በድንጋይ ይገነባል፤ ሲከድነው የኖረው ግን በጓሳ ሣር ነው። ጓሳ ጠንካራ በመሆኑ በሚገባ የተከደነ ቤት ብዙ ክረምት ያሳልፋል። ከጓሳው ገመድ ይገመዳል፤ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራል፤ ተርፎ ከተገኘም ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ ሜዳው የከብት ማዳኛ ነው። ስለዚህ ለመንዝ ሰው ጓሳ ጣሪያው፣ ካባው፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነበር ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ የጋራ ሀብት በቀላሉ የሚጠፋ ነው። እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱ ሳይቀድመው ማጭዱን ይዞ ቢወጣ ሣሩ ሳይጎለምስ ይታጨዳል፤ ያልጎለመሰ ሣርም ለክዳን አይሆንም። በአማርኛ «መጠበቅ» የሚለው ቃል መታገሥንም ዘብ መቆምንም ባንድ ላይ ይይዛል። የጓሳ ጥቅም የሚገኘው በሁለቱም ትርጉም ከመጠበቅ ነው። ነገር ግን ሌሎች በማይጠብቁበት ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ይከስራል፤ እርሱ የታገሠውን ሌላው ያጭደዋልና። የቀሮ ሥርዓት ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነበር።

የቀሮ ሥርዓት

የአገሩ ትውፊት የቀሮን አመሠራረት ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል። መሥራቾቹም አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ከእነዚህ አባቶች ትውልዱን የሚቆጥር ሁሉ በአጽመ ርስት መብት የጓሳ ተካፋይ ነበር። ሥርዓቱን የሚመራው አባ ቀራ የሚባል፣ ከተካፋዮቹ መካከል የሚመረጥ ሹም ነው። አባ ቀራ ሜዳው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ይመክራል፤ ጥበቃውን ያደራጃል፤ አጥፊውንም ይዳኛል።

ሜዳው ሲዘጋ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ክረምት ብቻ አልነበረም። እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ማጭድ ሳይነካው፣ ከብት ሳይሰማራበት ይቆያል። ሣሩ በሚገባ መጎልመሱ ሲታወቅ፣ ወይም ድርቅ ገብቶ ሕዝቡ ሲቸገር፣ የመክፈቻው ቀን ይቆረጣል። ቀኑም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ባለ መብቱ ሁሉ በእኩል ሰዓት ይገባል። ማንም አስቀድሞ አይገባም፤ ማንም ዘግይቶ ባዶ ሜዳ አይጠብቀውም። ክረምቱ ሲመጣ ጓሳ ዳግም ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን ባለ መብቱ በየተራው ዘብ የመውጣት ግዴታ ነበረበት። ሕጉን የጣሰ ሰው ላይ የሚወርደው ቅጣት ከባድ ነበር። ከቅጣቱም በላይ በጎረቤት ፊት መዋረዱ ያስፈራ ነበር። ሁሉም በሚተዋወቅበት አገር፣ በመዝጊያ ዘመን አዲስ ክዳን የታየበት ቤት ራሱ ምስክር ነውና።

ይህን ሥርዓት እንከን የሌለው አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ቀሮ የዘር ሥርዓት ነበር። ከሁለቱ አባቶች ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ ሰው፣ ምንም እንኳ በዚያው ደጋ ላይ ቢኖርና በዚያው ብርድ ቢቆራመድ፣ የጓሳ ተካፋይ አልነበረም። የአንዱ ወገን ትዕግሥት የቆመው በሌላው ወገን መከልከል ላይ ጭምር ነበር። ይህ የተዳፈነ ቅራኔ ኋላ ዘመን ሲለወጥ ፈንድቶ ወጥቷል።

ያልታሰበው ትሩፋት

የቀሮ አባቶች ሕጋቸውን ያወጡት ለሣሩ ብለው ነው። ሕጉ ግን ከሣሩ ሌላ ብዙ ነገር ጠብቋል። በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የሚገኘውና አዋቂዎቹ ከ500 የማይሞሉት ቀይ ቀበሮ ከተረፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ጓሳ ነው። እንዲሁም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ጭላዳ በመንጋ ይሰማራበታል። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተመራማሪዎች የጓሳን ጭላዳ በየዕለቱ እየተከተሉ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከዚህ ጥናት የተገኘና በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ውጤት የብዙዎችን ትኩረት ስቦ ነበር። ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው የሚሳካለት 25ቱ ሲሆን፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ሲያድን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ቀበሮው የጭላዳን ግልገል አይነካም፤ ጭላዳውም ከቀበሮው አይሸሽም። ለመጣላት ምክንያት ያላቸው ሁለት ወገኖች በአንድ ሣር ላይ መተሳሰብን ለምደዋል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ለቀይ ቀበሮ ብሎ ጓሳን የጠበቀ አባ ቀራ አለመኖሩ ነው። ገበሬው የጠበቀው ጣሪያውን ነው። ጣሪያው ሲጠበቅ አይጡ ተጠበቀ፤ አይጡ ሲጠበቅ ቀበሮው ኖረ። የዱር ሀብት ጥበቃ ከሰው ጥቅም ጋር ሲቆራኝ ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የፓርኩ መንገድ

በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የገባው የጥበቃ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነበር። የዚህ ሐሳብ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የተከለለው የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚያ ምድር ለሺህ ዓመታት ሲመላለሱ የኖሩት ነባር ሕዝቦች እንዲርቁ ተደርጎ፣ ቦታው ሰው የሌለበት ውበት ሆኖ ለጎብኚ ቀረበ። ይህ አርአያ በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻገረ፤ ከዚያም ቅኝ ወዳልተገዛችው አገር ደረሰ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ድርጅት አቋቁመው «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ የዩኔስኮ ባለሙያዎችም በ1955 ዓ.ም. ገደማ መጥተው የአገሪቱ የዱር አራዊት አደጋ ላይ መሆናቸውን አመልክተው ነበር። ቱሪዝምና ጥበቃ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ተጸነሱ ማለት ነው።

የዚህ ውጤት ከሆኑት አንዱ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ መኖሪያ የሌለው ዋልያ በዚያን ጊዜ ጥቂት መቶ እንኳ አይሞላም ነበርና ጥበቃው አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ተዳፋቱን የሚያርሰው ገበሬም አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ይሄድበት ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በዚያ የሠራው ስዊዛዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ ይህንኑ የአፈር መሸርሸር በሰፊው አጥንቷል። ችግሩ ያለው ሌላ ላይ ነው። የፓርኩ ወሰን ሲሰመር በውስጡ መንደሮች፣ ማሳዎችና የግጦሽ መሬቶች ነበሩ። በጓሳ «ዝጉ» ብሎ የሚወስነው ተጠቃሚው ራሱ ሲሆን፣ በስሜን ግን ውሳኔው ገበሬው ከማያውቀው ቢሮ መጣ።

በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘገቡ፣ የስሜን ተራሮች ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ከእነዚያ ውስጥ ተቆጠሩ። ይሁን እንጂ ከዚያ ክብር ብዙም ሳይቆይ፣ በ1971 ዓ.ም. ገደማ፣ በፓርኩ ግርጌ የነበሩ ገበሬዎች በኃይል ከቀያቸው ተነሡ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጠባቂዎቹ ፓርኩን ለቀው ወጡ፤ የፓርኩም ንብረት ወደመ። በ1989 ዓ.ም. ስሜን አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዚህ ከተወሰዱት እርምጃዎች መካከል የፓርኩን ክልል ማስፋትና በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማንሣት ይገኙበታል። ከ400 በላይ የሆኑት የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ዋልያው ግጦሹ ሰፋለት፤ ገብስ ማረስና በግ ማርባት የሚያውቀው ገበሬ ግን የከተማ ኗሪ ሆኖ ሌላ ሙያ መፈለግ ግድ ሆነበት። የጥበቃው ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ለማየት ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ከ1967 በኋላ

ጓሳም ከዘመኑ ማዕበል አላመለጠም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ አጽመ ርስት አከተመ፤ ከእርሱም ጋር የቀሮ ሥልጣን መሠረቱን አጣ። ከዘር ቆጠራ ውጭ ሆኖ ሲከለከል የኖረው ድሃ መብቱን አገኘ፤ ይህም ፍትሕ ነበር። ነገር ግን የመግባት መብት ለሁሉም ሲሰጥ፣ የመዝጋት ሥልጣን ለማን እንደሚሆን ወዲያው አልተወሰነም። አባ ቀራ ተሽሮ ሌላ ጠባቂ ባልተተካበት ጊዜ ማጭዱም ከብቱም በየአቅጣጫው ገባ። የጥንቱ ቅራኔና የአዲሱ ነጻነት ተደራርበው ሣሩን አሳሱት። ለዘመናት የጎለመሰ ሥርዓት ለመፍረስ የጥቂት ወራት ዕድሜ በቂ ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና የመንዝ ሰው የጠፋበትን ያውቅ ነበር። ክዳን ሲሳሳ፣ ምንጭ ሲቀንስ፣ የድርቅ መጠጊያው ሲራቆት፣ አዋሳኞቹ የገበሬ ማኅበራት ተመካክረው የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መዝጋትና መክፈትንም በአዲስ መልክ መለሱ። በአዲሱ ሥርዓት የተካፋይነት መለኪያው የአስቦና የጌራ ትውልድ መሆን ሳይሆን በአዋሳኙ ቀበሌ መኖር ሆነ። ስለዚህ የጥንቱ ጥበብ ከጥንቱ አድልዎ ተለይቶ ተወሰደ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በማኅበረሰብ የሚተዳደር የጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ ሲያጸናው፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት የመጣው ልማድ በ21ኛው መቶ ዓመት የሕግ ልብስ ለበሰ።

የእንግዳው ድርሻ

በዚህ ጊዜ ወደ ጓሳ የገባው አዲስ ነገር ቱሪዝም ነው። ማኅበረሰቡ ከውጭ ረዳት ድርጅቶች ጋር ተባብሮ የእንግዳ ማረፊያ ሠራ። የአካባቢው ወጣቶች መንገድ መሪና የዱር ሀብት ጠባቂ ሆኑ። ፈረስና በቅሎ ያለው ያከራያል፤ የሱፍ ሥራ የሚያውቅ ሥራውን ለእንግዳ ይሸጣል። በስሜንም የደባርቅ አስጎብኚዎችና ባለ በቅሎዎች ተደራጅተው ከጎብኚው የሚገኘውን ሥራ በየተራ ሲካፈሉ ቆይተዋል። እነዚህ ጅምሮች የሚናቁ አይደሉም። የተራራውን አውሬ በሕይወት ማቆየት ከመግደል ይልቅ የሚጠቅምበት መንገድ መኖሩን በተግባር አሳይተዋል።

የቱሪዝም አስፈላጊነት ከሌላም ምክንያት ይመነጫል። ቆርቆሮ ወደ መንዝ በገባ መጠን የክዳን ሣር ዋጋ ይቀንሳል። ገሳው በፕላስቲክ፣ የሣሩ ገመድ በናይሎን ይተካል። ገበሬው ሦስት ዓመት የሚታገሥበት የጥንቱ ምክንያት እንግዲህ እየሳሳ ነው። ሣሩ ጣሪያ መሆኑ ሲቀር፣ የገበሬው ልጅ ያን ሰፊ ሜዳ ለገብስ እርሻ ቢመኘው ሊወቀስ አይችልም። የትዕግሥት ዋጋ ከሌላ ቦታ መምጣት ይኖርበታል። ቱሪዝም የተጠራው ይህን ክፍተት እንዲሞላ ነው።

ግን ሊሞላው ይችላልን? የቅርቡ ዘመን ታሪክ ጥያቄውን በጭካኔ ፈትኖታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን በር ዘጋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት የዘለቀው ጦርነት ከትግራይ አልፎ እስከ ስሜን ግርጌና እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ጎብኚ ከጥይት ድምፅ ይሸሻል። በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ይዞ ቀረ፤ ማረፊያው እንግዳ አጣ። በስሜን የዋልያው ቁጥር በእነዚህ ዓመታት ማሽቆልቆሉ ተዘግቧል። ኑሮውን በጎብኚ ገንዘብ ላይ ብቻ ያቆመ የጥበቃ ሥራ፣ ጎብኚው በቀረ ማግስት ባዶ እጁን እንደሚቀር ታየ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቱሪዝም ለጥበቃ ክዳን ሊሆን ይችላል፤ ምሰሶ ሊሆን ግን አይችልም። ክዳን በዝናብና በነፋስ ያረጃል፤ ምሰሶው ካለ ግን ዳግም ይከደናል። ምሰሶው በቦታው የሚኖረው ሕዝብ የመወሰን ሥልጣን ነው። ሜዳውን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እርሱ ከሆነ፣ እንግዳ ቢመጣ ገቢውን ይጨምራል፤ እንግዳ ቢቀርም ሣሩ፣ ምንጩና የድርቅ ቀን ግጦሹ ይቀሩለታል። ሕዝቡ ከቦታው ተነሥቶ ወይም ከውሳኔው ተገልሎ የቆመ ጥበቃ ግን፣ ገንዘቡ ወይም ጠመንጃው በጠፋ ቀን የሚቆምለት ሰው አያገኝም።

እንግዲህ በጥብቅ ቦታዎች ላይ የቱሪዝም ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ቦታውን የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን በማን እጅ ነው? ሁለተኛ፣ ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ የሚደርሰው የግጦሽና የእርሻ መሬቱን ለተወው ገበሬ ነው ወይስ መንገድ ዳር ሆቴል ለከፈተው ባለ ሀብት? ሦስተኛ፣ ከሥርዓቱ ውጭ የቀረ ጎረቤት አለ ወይ? ቀሮ በመጀመሪያው ጥያቄ ረገድ ጠንካራ ነበር፤ በሦስተኛው ግን ደካማ ነበርና ዘመን ሲለወጥ ዋጋ ከፈለበት። የዛሬው ጥበቃም ከእነዚህ በአንዱ ቢጎድል ከዚህ የተለየ ዕጣ አይጠብቀውም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የዱር ሀብት ሸክም ለብዙ ዘመን የተጫነው በተራራው ገበሬ ጀርባ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ጌጡን የሚያየው ግን ዓለም ሁሉ ነው። የዋልያ ስም በብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን መጠሪያ ላይ ሲወሳ የሚደሰተው የከተማ ሰው፣ ዋልያው በሕይወት እንዲኖር ማሳውን የለቀቀውን ሰው አያውቀውም። ሸክሙን በእኩል መካፈል የመንግሥትም፣ የጎብኚውም፣ የከተማውም ሕዝብ ድርሻ ነው። የመንዝ ሰዎች በበኩላቸው ድርሻቸውን አስቀድመው አበርክተዋል። ጓሳ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ተከፍቶ ሲዘጋ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ሰላም ወርዶ እንግዳው ሲመለስም፣ በሩን ከፍተው የሚቀበሉት ባለቤቶቹ ሊሆኑ ይገባል።